ከኋላዬ የምትታየው መርከብ

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ?

ባለፈው በስልክ «አባባ፣ ያ ፎቶ ላይ ከኋላህ ያለችው መርከብ የት ደረሰች?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ድምፄ እንዳይሰበር ፈርቼ ወሬ ቀየርኩብሽ። ዛሬ ልጻፍልሽ።

«ኢትዮጵያ» ነበር ስሟ። መጀመሪያ «ኦርካ» ነበር የምትባለው። አሜሪካኖች ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ሠሯትና በፈረንጆቹ 1944 ሥራ ጀመረች። ባሕር ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን የምትንከባከብ መርከብ ነበረች፤ ነዳጅ ትሞላቸዋለች፣ ትጠግናቸዋለች፣ አብራሪዎቹንም ታበላለች፣ ታስተኛለች። በጦርነቱ ጊዜ ፊሊፒንስ ድረስ ሄዳለች። እዚያ አውሮፕላኖቿ መርከብ የሰጠመባቸውን ሰዎች ከባሕር እየለቀሙ አውጥተዋል። ከታሪኳ ሁሉ እሱን እወድላታለሁ።

በጥር 1954 ዓ.ም. ለእኛ ተሰጠች። 95 ሜትር ገደማ ትረዝማለች። ከባሕር ኃይላችን መርከቦች ትልቋ እሷ ነበረች። ዕጩ መኮንኖች ባሕርን የሚለምዱት እሷ ላይ ነበር።

እኔ የደረስኩት በእርጅናዋ ነው። ጠዋት ጠዋት መዶሻና መፋቂያ ይዘን ዝገት እናራግፋለን። የምጽዋን ሙቀት ታውቂዋለሽ ብዬ አልገምትም፤ ረፋዱ ላይ ብረቱ እጅ ያቃጥላል። ጨው ደግሞ ዕረፍት የለውም። የቀባነው ቀለም ብዙም ሳይቆይ ቋቁቻ ያወጣል፤ በጣትሽ ስትጫኚው ይፈነዳና ቡናማ ውሃ ይወርዳል። አንድ ቀን አንድ ቦታ ስፍቅ የቀለሙን ሽፋን ቆጠርኩ። ሰባት ነበር። የታችኛው ሰማያዊ ነገር ነው። የማላውቃቸው ልጆች፣ በእኔ ዕድሜ፣ በሌላ ባሕር ላይ የቀቡት መስሎኝ መዶሻዬን አስቀምጬ ቆምኩ።

የካቲት 1982 ምጽዋ ከእጃችን ወጣች። ግንቦት 1983 መንግሥት ሲወድቅ ወደ የመን ተሻገርን። እዚያ መልሕቅ ጣልን። የመብራት ማመንጫው ሲጠፋ ጆሮዬ ጮኸ። እማዬ፣ ያን ሁሉ ዓመት እዚያች መርከብ ላይ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ልትነሳ አልቻለችም። በፈረንጆቹ 1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ስትቆረጥ አላየሁም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ይሄ ነገር ዛሬም ያንገበግበኛል። የአገር ስም የተሸከመች መርከብ ናት። ቢያንስ መልሕቋ አንድ አደባባይ ላይ መቆም ነበረበት። ልጆች እየነኩት «ይሄ ምንድን ነው?» ይሉ ነበር። አሁን ብረቷ ቀልጦ የማን ቤት ምሰሶ ውስጥ እንዳለ ማን ያውቃል።

ፎቶውን በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ። ከግራ ትከሻዬ በላይ ጠቆር ያለ ነገር ታያለሽ። የፎቶው እድፍ እንዳይመስልሽ፣ እንዳታጠፊው። ያን ቀን ፍቄው ቀለም ሳልቀባው የመሸብኝ ቦታ ነው።

አባትሽ