ሲሊንደሩ ተጫረ ተብሎ ከመጣሉ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ባሕር ዳር

በጣና ዙሪያ የጀልባ ሞተር፣ የመስኖ ፓምፕ ወይም የሞተር መጋዝ «ነከሰ» (ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ቆመ) ሲባል፣ ሲሊንደሩ ወይ ይጣላል ወይ በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ የማያስፈልግ ጥፋት ነው። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ሲነሣ ግድግዳው ላይ የሚታየው ብርማ ዝንጉርጉር አብዛኛውን ጊዜ የሲሊንደሩ ቁስል አይደለም፤ ከፒስተኑ ተልጦ የተለጠፈ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ዘይት ወይም ማቀዝቀዣ ውሃ ሲጎድል ፒስተኑ ያብጥና ግድግዳውን ይነክሳል፣ ቆዳውንም እዚያው ጥሎ ይቀራል። የተለጠፈ ደግሞ ይነሣል።

በምን እንደሚነሣ የሚወስነው ግድግዳው ነው፤ ስለዚህ አሲድ ከመግዛት በፊት ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት ወደ ውስጥ አስጠግቶ ማየት ይገባል። አጥብቆ ከያዘ ካሚቻው (ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደሩ የውስጥ ሽፋን) ብረት ነው። ካልያዘ ወይም እምብዛም ካልሳበ፣ በኒኬል ወይም በክሮም የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፤ የሞተር መጋዞች በብዛት የዚህ ወገን ናቸው፤ የልባጡም ውፍረት ከፀጉር አይበልጥም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሉሚኒየሙን ቶሎ ያሟሟል፣ ኒኬሉንም ብዙ አይነካም፤ ብረቱን ግን ይቦረቡራል፣ ክሮሙንም ይበላል። የባትሪ አሲድ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ብቻ የሚበላ፣ ብረትን፣ ኒኬልንና ክሮምን የሚተው ስለሆነ ግድግዳው በውል ላልታወቀ ሲሊንደር የምመክረው እሱን ነው።

ሥራው ሲሊንደሩ ከሞተሩ ወርዶ፣ ደጅ ላይ፣ በጓንትና በመነጽር ይሠራል። ሲጋራም ሆነ እሳት አጠገቡ አይኑር፤ የሚወጣው አረፋ ተቀጣጣይ ሃይድሮጂን ነው። ግድግዳው መጀመሪያ በቤንዚን፣ ቀጥሎ በሳሙና ታጥቦ ይደርቅ። በ150 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ላይ 15 ግራም፣ ማለትም አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ሶዳ ቀስ እያሉ መጨመር ነው። ውሃው ሶዳው ላይ ከተደፋ ግን ፈልቶ ዓይን ውስጥ ይረጫል። ዕቃው ፕላስቲክ ወይም ብርጭቆ ይሁን፤ የአሉሚኒየም ድስት ራሱ ይበላል።

የጭስ መውጫና የቤንዚን መግቢያ ቀዳዳዎች ግራሶ በተቀባ ጨርቅ ይደፈኑ፤ ልባጡ የሚያልቀው በቀዳዳዎቹ ጠርዝ ስለሆነ ሶዳው ሾልኮ ሲሊንደሩን የሚበላው በዚያ በኩል ነው። ከዚያ እንጨት ላይ በተጠቀለለና በሶዳው ውሃ በራሰ ጥጥ የተለጠፈው ቦታ ብቻ ይነካል። ግራጫ አረፋ ይወጣል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጠርጎ መድገም ነው። አረፋው ሲቆም አሉሚኒየሙ አልቋል ማለት ነው። አንድ ነጥብ ላይ አልቆም ካለና ቦታው መጎድጎድ ከጀመረ ልባጡ ተበስቷል፤ ያኔ ሳይዘገዩ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። በመጨረሻ በኮምጣጤ መጥረግ፣ በሙቅ ውሃና ሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ወዲያው ዘይት መቀባት። የብረት ካሚቻ እርጥብ ከዋለ ሳይመሽ ይዝጋል።

አሁን ጥፍርን ግድግዳው ላይ ማስኬድ ነው። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ የብረቱ ወደ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይቦረቦርና ከፍ ያለ ቁጥር ፒስተን ይገባለታል፤ የተለበጠው ግን አይቦረቦርም፣ ይቀየራል። ጥፍር ካልያዘ የብረቱን ግድግዳ ዘይት በነካ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በሰያፍ፣ መስመሮቹ እንዲጣረሱ አድርጎ ማሸት በቂ ነው፤ ዘይት የሚይዙት እነዚያ መስመሮች ናቸው። ለተለበጠው አረንጓዴው የዕቃ ማጠቢያ ሻካራ ስፖንጅ ይበቃዋል። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አዲስ ይሁን። ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ ሲለካ፣ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ሲሊንደር የጫፎቹ ክፍተት 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ምክንያቱ ሳይገኝ የተገጠመ ሞተር ተመልሶ ይነክሳል። በሁለት ምት ሞተር (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ በሚገባበት) ጭረቱ በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከሆነ ዘይት አንሷል ወይም ቤንዚኑ ለሚገባው አየር አንሷል፤ በመግቢያው በኩል ከሆነ አየር ማጣሪያው አቧራ አሳልፏል፤ ዙሪያውን ከሆነ ማቀዝቀዣው ይመርመር። በጣና ላይ እምቦጭና ደለል የጀልባ ሞተር ውሃ መሳቢያን ይደፍናሉ፤ ከሞተሩ ጎን የሚወረወረው ውሃ ሲቀጥን እዚያው ማጥፋት ነው። ቅልቅሉ 50 ለ1 የተባለ ሞተር ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ይፈልጋል፤ በግምት የሚጨመር አይደለም። ባለ አራት ምቱ የመስኖ ፓምፕ ደግሞ ዘንበል ባለ የሐይቅ ዳርቻ ሲተከል ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ሥሩ ተደልድሎ ይቀመጥ። ከመጋዝ ሠራተኞች ብዙዎቹ የማያስተውሉት ሌላም አለ፦ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ክፍል) ለስስ አየር ቤንዚን ተቀንሶለት ይስተካከላል። ያው መጋዝ እንዳለ ወደ መተማ ቆላ ከወረደ ለወፍራሙ አየር ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ከቤንዚኑ ጋር የሚገባው ዘይትም አብሮ ያንሳል።

የተረፈው የሶዳ ውሃ ሐይቁ ዳር አይፈሰስ፣ ሲሊንደሩም እዚያ አይታጠብ። ኮምጣጤ ተጨምሮበት፣ በብዙ ውሃ ቀጥኖ፣ ከጉድጓድ ውሃ በራቀ ቦታ ይደፋ። ስም ሳይጻፍበት በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ አሲድም ሆነ ሶዳ አይገዛ፤ ቤት ውስጥም እንዲያ አይቀመጥ፤ ለልጅ ውሃ ይመስለዋል።

የአነስተኛ ሞተር ጥገና ባለሙያ
ከባሕር ዳር