ስለ አንጋፋዎቹ ተጫዋቾች

ውድ ልጄ፣

«ቡድኑን የጎዱት እነዚህ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሁሉንም አሰናብቶ በወጣት መተካት ነው» ያልሽኝ ከአእምሮዬ አልጠፋም። ቤዝቦልን ምን ያህል እንደምትወጂ ስለማውቅ ሐሳቤን በደንብ ልጽፍልሽ ፈለግሁ።

ዕድሜ እንደሚጎዳ አልክድሽም። አብዛኛው መቺ ብቃቱ ጫፍ የሚደርሰው 30 ሳይሞላው ነው። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የምትወረወር ኳስ መቺው ጋ ለመድረስ ግማሽ ሰከንድ እንኳን አይፈጅባትም። ዓይንና እጅ ትንሽ ከዘገዩ አለቀ። ሩጫውም ይቀንሳል፣ ጉዳቱም ቶሎ አይድንም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ኮንትራቱ ነው። በሜጀር ሊግ፣ ማለትም በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ፣ አንድ ተጫዋች ወደፈለገው ቡድን በነፃነት ለመሄድ በአብዛኛው 6 ዓመት ማገልገል አለበት። ብዙዎቹ እዚያ ሲደርሱ ወደ 30 ተጠግተዋል። ስለዚህ ቡድኑ ትልቁን ገንዘብ የሚከፍለው ላለፈው ገድል ነው፤ የሚያገኘው ግን እየቀነሰ የሚሄደውን ጉልበት ነው። ተጫዋቹ ቢሰናበት እንኳን ደመወዙ አይቀርበትም። ያን ያህል የሚከፈለውን ሰው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ማንም አይደፍርም። ከሥር የመጣው ልጅ ቦታ አጥቶ ይቆማል።

ታዋቂውን መቺ አልበርት ፑሆልስን ተመልከች። በፈረንጆቹ 2011 መጨረሻ 32 ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ከኤንጅልስ ቡድን ጋር ለ10 ዓመት በ240 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ቀስ በቀስ ብቃቱ ወረደ። ማይክ ትራውትን የመሰለ ኮከብ አብሮት እያለ ቡድኑ በእነዚያ ዓመታት ጥሎ ማለፍ የገባው አንዴ ብቻ ነው፣ በ2014። እሱንም በ3 ተከታታይ ሽንፈት ወጣ። ጥፋቱን ሁሉ በፑሆልስ ላይ መጫን ግን ግፍ ነው፤ በአብዛኛው ጥሩ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) አልነበራቸውም። በግንቦት 2021 ኮንትራቱ ሳያልቅ አሰናበቱት።

በ2022 ወደ ቀድሞ ቡድኑ ወደ ሴንት ሉዊስ ተመለሰ። ዕድሜው 42 ነበር፤ አሠልጣኙ እንኳን ከእሱ በዕድሜ ያንሳል። ኮንትራቱ የአንድ ዓመት፣ ክፍያው 2.5 ሚሊዮን ዶላር ብቻ። በየቀኑ አላሰለፉትም፤ በተለይ በግራ እጃቸው በሚወረውሩት ላይ ያስገቡት ነበር። 24 ሆም ረን (ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያሻግር ምት) መታ፣ የዘመኑን ሁሉ ድምር 703 አድርሶ ጫማውን ሰቀለ። ሰውዬው ያው ነው፣ እንዲያውም አርጅቷል። የተለወጠው የተሰጠው ሥራ ነው።

ደግሞ የ2019ኙን ዋሽንግተን ናሽናልስ አትርሺ። በሊጉ በዕድሜ ትልቁ ቡድን ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸነፉ። ያኔ በትነዋቸው ቢሆን ኖሮ ማን ይፈርድባቸው ነበር? ግን ዋንጫውን በሉ። በወርልድ ሲሪሱ፣ በዋንጫው ፍልሚያ፣ 7ኛ ጨዋታ ቡድኑን ወደ መሪነት ያሻገረውን ሆም ረን የመታው የ36 ዓመቱ ሃዊ ኬንድሪክ ነው። አጠገቡ ደግሞ ገና 21 የሞላው ሁዋን ሶቶ ነበር። እንዲህ ያለው ቅልቅል በጣም ያስደስተኛል። እርግጥ በዓመቱ ከሌላ ቡድን ጋር እኩል ሆነው ምድባቸው ግርጌ ላይ ተገኙ፤ በዕድሜ የገፋ ቡድን ብዙ አይቆይም።

ስለዚህ እናቴ፣ «ይሂዱ» ከማለትሽ በፊት በእያንዳንዳቸው ላይ ሁለት ነገር እዪ። ኮንትራቱ ስንት ዓመት ይቀረዋል? ከኋላው የተዘጋጀ ወጣት አለ? ወጣቱ ካለና ሽማግሌው በስሙ ብቻ የሚሰለፍ ከሆነ ከአንቺ ጋር ነኝ፤ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ወጣቱ ከሌለ ግን የምታባርሪውን ሰው ቦታ በማን ትሞይዋለሽ?

አባትሽ