ጉዳዩ፦ ስለ ልጆቻችን የአፍ ጠረን

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ?

አንዲት ተማሪያችን ጥያቄ ስትመልስ የሹራቧን እጅጌ አፏ ላይ ትይዝ ነበር። ዓይን አፋር መስላኝ ነበር። ኋላ መምህሯ ነገረችኝ፤ አብራት የምትቀመጠው ልጅ «አፏ ይሸታል» ብላ ቦታ ቀይራለች። ስምም ወጥቶላታል። ማን እንደሆነች አልጽፍም። ታሪኩን ግን እናቷ ፈቅደውልኝ ነው የምነግራችሁ።

ያን ቀን ተሳስቻለሁ። እናቷን ጠርቼ «ጨጓራ ይሆናል፣ ሆዷን ያስመርምሯት» አልኳቸው። አብዛኞቻችን የምንለው ይህንኑ ነው፤ ወይ ጨጓራ፣ ወይ ወስፋት። እናቷ ከሥራ ቀርተው ሁለት ቀን ተመላለሱ። ሆዷ ደህና ነው። ጥርሷ ሲታይ ግን የኋላ መንጋጋዋ ተቦርቡሮ ምግብ ሲያጠራቅም ከርሟል።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሚነሳው ከሆድ ሳይሆን ከአፍ ነው፤ ከአሥር ሰው ስምንት ዘጠኙ ላይ። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ጆሴፍ ቶንዜቲች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 70ዎቹ ከሰው አፍ የሚወጣውን አየር በመሣሪያ መረመረ። ሽታውን በዋናነት የሚያመጡት ሰልፈር ያለባቸው ጋዞች መሆናቸውን አሳየ። አንዱ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ የተበላሸ እንቁላል ያን ሽታ የሚያመጣው እሱ ነው። ሌላው ሜቲል መርካፕታን ይባላል።

ጋዞቹን የሚያመርቱት አየር የማይወዱ ባክቴሪያዎች ናቸው። ስለዚህ የምላስ የኋለኛው ክፍል ላይ፣ ድድና ጥርስ መሃል፣ የተቦረቦረ ጥርስ ውስጥ ይሸሸጋሉ። ምራቅ ያጥባቸዋል። እንቅልፍ ላይ ምራቅ ስለሚቀንስ ነው ጠዋት የሁላችንም አፍ የሚሸተው። የእኛ ልጆች ደግሞ ብዙዎቹ ከጣፎና ከአያት ጫፍ ስለሚመጡ፣ ሰርቪስ እንዳያመልጣቸው 12 ሰዓት ላይ ከቤት ይወጣሉ። ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ። አፋቸው እንደደረቀ ክፍል ይገባሉ።

ነጭ ሽንኩርት ለብቻው ነው። ሽታው ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደም ወደ ሳንባ ስለሚሄድ ጥርስ መቦረሽ ብቻውን አያጠፋውም። ቢታጠቡም የማይለቃቸው ጥቂት ሰዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በኔዘርላንድስ የራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ሴሌንቢፒ1 የተባለ ጂን (ዘረመል) ሲበላሽ ሽታው በደም ዞሮ በትንፋሽ እንደሚወጣ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ሰው ዕድሜውን ሙሉ «አይታጠብም» ሲባል መኖሩን ሳስብ ልቤ ያዝናል።

የኬጂ ወላጆች አንድ ነገር ልብ በሉ። ሽታው በአንድ በኩል ካለ የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ፣ በተለይ ፈሳሽ ካለው፣ ልጁ ዶቃ ወይም የስፖንጅ ቁራጭ ከትቶ ሊሆን ይችላል። በቤት ለማውጣት አትሞክሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የማንኛውም ልጅ ትንፋሽ እንደበሰለ ፍራፍሬ ከሸተተ፣ ውሃ ውሃ ካለውና ከከሳ ደግሞ ስኳር ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀን አትቆዩ።

ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይቦርሹ፣ በተለይ ማታ። ምላሳቸውንም ከኋላ ወደ ፊት ቀስ አድርገው ያጽዱ። መፋቂያ ጥሩ ነው፤ ለምላስ ግን አይመችም። ውሃ በፈረቃ እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ስኒ ይበቃል። ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት ውሃ አጠጧቸው፣ ቁራሽም ቢሆን አቅምሷቸው።

ከሰኞ ጀምሮ ኮዳቸውን ዴስካቸው ላይ አስቀምጠው በክፍለ ጊዜ መሃል መጠጣት ይችላሉ፤ መምህራን ተነግሯቸዋል። በአፉ ጠረን ልጅ የሚሰደብበትን ክፍል ራሴ ገብቼ አነጋግራለሁ። እናንተም ዛሬ ማታ ልጃችሁን ጠይቁልኝ፤ ስም የወጣለት ጓደኛ እንዳለው፣ ወይም ስም ያወጣው እሱ እንደሆነ።

ጥርሷ ታክሞላታል። ትናንት ሰሌዳ ላይ ወጥታ ስትሠራ አይቻታለሁ። እጅጌዋን ግን አሁንም አልተወችም።

ጥያቄ ያለው ወላጅ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ቢሮዬ ያገኘኛል።

አክባሪያችሁ፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርት