ክቡር ሊቀመንበር፣ አራተኛዋ ኮከብስ?

ይድረስ ለአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር፣ ለክቡር ማሕሙድ አሊ ዩሱፍ
አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ ክቡር ሊቀመንበር።

ጎረቤትዎ ነኝ። ሳር ቤት ነው የምኖረው። የካቲት በመጣ ቁጥር ለመሪዎቹ ጉባኤ መንገድ ይዘጋና ታክሲ ጠፍቶ በእግራችን የምንኳትነው እኛ ነን። አልተማረርኩም፤ እንግዳ ነው፣ ይምጣ። ደግሞ በእግሩ የሚሄድ ሰው ከታክሲ መስኮት የማይታየውን ያያል። እኔ ባንዲራ አያለሁ።

ከሁሉም ዓይኔን የሚይዘው የኮሞሮስ ነው። ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ መስመር አለው። ጎኑ ላይ አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን፣ መሃሉ ላይ ጨረቃና አራት ኮከብ። አራት ደሴት ማለት ነው፦ ግራንድ ኮሞር፣ አንጁዋን፣ ሞሄሊ እና ማዮት። ዋና ከተማው ሞሮኒ ላይ ያለው የኮሞሮስ መንግሥት የሚያስተዳድረው ግን ሦስቱን ብቻ ነው። ማዮት ዛሬም የፈረንሳይ ናት። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ እሷ ነች።

«ኮሞሮስ ምንህ ናት?» ይሉኝ ይሆናል። ባለውለታዬ ናት። ኅዳር 14 ቀን 1989 በእኛ አቆጣጠር (የቀረውን ቀንና ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ እጽፈዋለሁ) ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር የተጠለፈው የእኛ አየር መንገድ 767 አውሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ የወደቀው እዚያ ነው፣ ከግራንድ ኮሞር ሰሜን ጫፍ፣ ሚትሳሚዩሊ አጠገብ። ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ካልወሰድከን ብለው ድርቅ አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጅ አይበቃም ቢሏቸው አልሰሙም። አንድ ቱሪስት የቀረጸውን ቪዲዮ ልጅ ሆኜ ቴሌቪዥን ካለበት ጎረቤት ቤት ነው ያየሁት። የግራው ክንፍ ውሃውን ይነካል፣ ከዚያ አውሮፕላኑ ይገነጣጠላል። ከ175 ሰው 125ቱ አለቀ። በ1984 ኮረም ላይ ረሃባችንን ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ሞሐመድ አሚንም እዚያው ቀረ። 50 ሰው ግን ተርፏል። የተረፈውም የባሕር ዳርቻው ሰው፣ አሣ አጥማጁ፣ የሆቴሉ ሠራተኛና ለእረፍት የመጣው ቱሪስት ሳይቀር ባገኘው ጀልባ እየቀዘፈ ስለደረሰለት ነው። ያን ቀን ሰመጠ ሲባል ፓስፖርት የጠየቀ አልነበረም።

አሁን ደግሞ የእነሱ ሰው እየሰመጠ ነው። ማንም እየደረሰለት አይደለም።

አገሪቱን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ፤ ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ሌላውም ያነበዋል። ኮሞሮስ በሞዛምቢክና በማዳጋስካር መሃል ያለች አገር ናት። ሦስቱ ደሴቶች ተደምረው 1,862 ካሬ ኪሎ ሜትር ናቸው፤ አዲስ አበባን ሦስት ጊዜ ተኩል ቢያህሉ ነው። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን አይሞላም። ሁሉም ከእሳተ ገሞራ የተወለዱ ደሴቶች ናቸው። ግራንድ ኮሞር ላይ ካርታላ የሚባለው ተራራ 2,361 ሜትር ሆኖ እስካሁን ይተነፍሳል። አፈሩ ዝናቡን እንደ ወንፊት ስለሚያሳልፈው ደሴቲቱ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ሰው የሚጠጣው ከጣሪያ ወደ ጋን ያጠራቀመውን የዝናብ ውሃ ነው። በ2005 ካርታላ ሲፈነዳ አመዱ ጋኖቹ ውስጥ ገባ። አስቡት፣ ባሕር ከቦህ የምትጠጣው ስታጣ።

አንጁዋን ወንዝ ነበራት። ዛሬ ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ አይፈሱም፣ ምክንያቱም ጫካው አልቋል። እዚያ ኢላንግ ኢላንግ የሚባል ቢጫ አበባ ጎህ ሲቀድ ይለቀምና በትልልቅ ጋን ለሰዓታት ተቀቅሎ ዘይቱ ይወጣል። ያ ዘይት ነው ፓሪስ ውስጥ ውድ ሽቶ የሚሆነው። ማገዶው ግን የአንጁዋን ዛፍ ነው። ሽቶው እዚያ ይሸታል፣ ጭሱ እዚህ ይቀራል።

ወደ ማዮት ልመለስ። ፈረንሳይ ማዮትን የያዘቻት በ1841 ነው፣ ከሌሎቹ ደሴቶች ቀደም ብላ። የቅኝ ግዛቱ መቀመጫም እዚያው ነበር። በ1958 መቀመጫው ወደ ሞሮኒ ይዛወር ሲባል የማዮት ሰው ተቆጣ፣ በተለይ ሴቶቹ። ይህቺ የምወዳት ታሪክ ናት፦ ከሞሮኒ የሚመጣውን ባለሥልጣን ሴቶቹ ከበው እየኮረኮሩ፣ ሱሪውን ይዞ እስኪሮጥ ድረስ ያስቁት ነበር። ፈረንሳዮቹ «ኮርኳሪዎቹ» ብለው ነው የሚጠሯቸው። በ1974 ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ ሦስቱ ደሴቶች ነጻነት ሲሉ፣ ከማዮት መራጭ ከመቶ 60 በላይ የሚሆነው አይሆንም አለ። ሐምሌ 6 ቀን 1975 የኮሞሮሱ መሪ አሕመድ አብደላ ለአራቱም ደሴቶች ነጻነት አወጁ። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላቸው ከሥልጣን ወረዱ። ከዚያ ወዲህ የተሳካውና የከሸፈው ሲደመር መፈንቅለ መንግሥቱ ከ20 በላይ ነው፤ ቦብ ዴናር የሚባለው ፈረንሳዊ ቅጥረኛ ወታደርማ ጎረቤት ቤት የሚገባ እስኪመስል ድረስ ይመላለስ ነበር።

የተባበሩት መንግሥታት ኮሞሮስን በአራት ደሴትነቷ ተቀበለ። በየካቲት 1976 ጉዳዩ ጸጥታው ምክር ቤት ሲቀርብ ፈረንሳይ ድምፅን በድምፅ ሻረችው። የእርስዎ ድርጅት፣ ያኔ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ ለማዮት ጉዳይ የሰባት አገሮች ኮሚቴ አቋቋመ። ክቡርነትዎ፣ ያ ኮሚቴ ምን ላይ ደረሰ? በቀልድ አይደለም የምጠይቀው።

እርስዎ ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። በ1967 በእርስዎም አገር ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ከመቶ 60ው ከፈረንሳይ ጋር መቆየት ይፈልጋል ተባለ። አሥር ዓመት ቆይቶ ጅቡቲ ነጻ ወጣች። ስለዚህ «ድምፅ ሰጥተዋል፣ አለቀ» ለሚል ሰው መልስ አለዎት። ግን ሐቁን ላለመሸሽ ልናገር። ማዮቶች በ2009ም ተጠይቀው ከመቶ 95ቱ የፈረንሳይ አውራጃ እንሁን ብለዋል፣ በ2011ም ሆነዋል። አስገድዳችሁ ወደ ሞሮኒ መልሷቸው አልልም። ሞሮኒ እንኳን ማዮትን፣ አንጁዋንንም በ1997 አጥታት ነበር።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ መሃል ስላለው ባሕር ነው።

ከአንጁዋን ማዮት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ 1995 ድረስ ሰው እንደልቡ ይሻገር ነበር፣ አክስቱን ሊጠይቅ፣ ሠርግ ሊበላ። በዚያ ዓመት ፈረንሳይ ቪዛ አመጣች። ሰው ግን አክስቱን አልተወም። ሌሊት ሌሊት ክዋሳ ክዋሳ በምትባል የአሣ ማጥመጃ ጀልባ፣ ከልክ በላይ ተጭኖ ይሄዳል። እርጉዝ ሴት ትሄዳለች፣ በሽተኛ ይሄዳል፣ ምክንያቱም አንጁዋን ሐኪም ቤት የማይገኘው እዚያ ይገኛል። የፈረንሳይ ሴኔት በ2012 ባወጣው ሪፖርት ከ1995 ወዲህ የሞተውን ከ7 ሺህ እስከ 10 ሺህ ገምቷል። ግምት ነው፤ አንድ በአንድ የቆጠራቸው የለም። የተሻገረውም እየተያዘ ይመለሳል፣ በዓመት ከ20 ሺህ በላይ ሰው።

ታኅሣሥ 14 ቀን 2024 ቺዶ የሚባለው አውሎ ነፋስ ማዮትን ሲመታ የቆርቆሮ ሰፈሮቹ ተጠራርገው ሄዱ። ወረቀት የሌላቸው ብዙ ሰዎች መጠለያ ሂዱ ሲባሉ «ሊይዙን ነው» ብለው እዚያው ቀሩ።

እኛ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገንም። ከወሎና ከሐረርጌ የሚነሱት ልጆቻችን ወደ የመን ጀልባ የሚሳፈሩት ከኦቦክ ነው፣ ከእርስዎ አገር ዳርቻ። ባሕር የበላው ልጅ ቤት ድንኳን ተጥሎ አስከሬን ሲጠፋ ለቅሶው ምን እንደሚመስል እናውቃለን። መቃብር የሌለው ለቅሶ አያልቅም።

ኅብረቱ አይችልም እንዳይሉኝ። በመጋቢት 2008 የአንጁዋን መሪ የነበረው ሞሐመድ ባካር ከሥልጣን አልወርድም ሲል የኅብረቱ ጦር፣ ታንዛኒያና ሱዳን ሆነው ገብተው በአንድ ቀን አስለቀቁት። ለሥልጣን ጉዳይ መርከብ ተገኝቷል። ከ2023 እስከ 2024 ደግሞ የኅብረቱ ወንበር ራሱ በኮሞሮሱ ፕሬዚዳንት በአዛሊ አሱማኒ እጅ ነበር። ያን ዕድል እንዴት እንዳባከኑት አይገባኝም። ይልቅ በዚያው መሃል አገራቸው ውስጥ በውዝግብ የተሞላ ምርጫ አሸነፉ፣ ተቃውሞም ተነሳ። ሞሮኒ ማዮትን የምታነሳው ፈረንሳይ ላይ ስትቆጣ ብቻ ይመስለኛል፤ ሐኪም ቤቷን አንጁዋን ላይ ብታሻሽል ኖሮ ስንቷ ነፍሰ ጡር ጀልባ ትተው ነበር።

እና ምን ላድርግ ካሉኝ፣ ይህን ያድርጉልኝ። የማን ደሴት ናት የሚለው ክርክር ይቆይ፤ ሃምሳ ዓመት ቆይቷል። በመጪው የካቲት ጉባኤ ላይ ግን ያ 70 ኪሎ ሜትር ለብቻው አጀንዳ ይሁን። የሰመጠው ይቆጠር፣ ስሙ ይመዝገብ፣ ቤተሰቡ ይወቅ። ለታማሚና ለወላድ የሚሆን የቀን ጀልባና አጭር ቪዛ ይኑር ብላችሁ ከፓሪስና ከሞሮኒ ጋር ተቀመጡ። የሰባቱን ኮሚቴ መዝገብ ካገኛችሁትም አውጡልን፣ እናንብበው።

መልሱን በፈረንሳይኛ ቢጽፉልኝም ግድ የለም፤ ሳር ቤት የሚያነብልኝ አላጣም።

አክባሪዎ፣
በእግር የሚመላለሰው ጎረቤትዎ