ልጄን ፈልጋችሁ ላገኛችሁልኝ ድሬዎች በሙሉ

ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል በዚያ ፀሐይ ልጄን ስትፈልጉ ለዋላችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። በየቤታችሁ መጥቼ ማመስገን ነበረብኝ፤ ግን ግማሻችሁን በስም እንኳ አላውቃችሁም።

ለማታውቁን፣ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ኦቲዝም አለበት፣ አይናገርም፣ ስሙን ቢጠሩት አይዞርም። የሚማረው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ለልዩ ፍላጎት ክፍሉ ያለችው አንዲት መምህርት ናት። እዚያው ግቢ ኦቲዝም ያለበት ሌላ ልጅ ግን ስለሚናገርና አርፎ ስለሚቀመጥ ከእኩዮቹ ጋር ሙሉ ቀን ይማራል። እሰየው ነው። የእኔ ደግሞ ከዚህ በፊት «ሽንት ቤት ራሱን ሲችል አምጪው» ተብሎ ከሁለት ትምህርት ቤት ተመልሷል። ራሱን ቢችልማ ምን አስለመነኝ! «አዲስ አበባ ውሰጂው» የሚሉኝም አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል እዚያ እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቄ፣ ሥራዬን ትቼ፣ ቤት በምን ልከራይ?

ያን ቀን መምህርቷ ሥልጠና ላይ ነበረች፣ ተተኪ የለም። በሩ ለውሃ ቦቴ ሲከፈት ወጣ። ዘበኛው ላይ አልፈርድም፤ በሩንም ልጁንም እሱ ብቻውን ሊጠብቅ አይችልም። እኔን ያንቀጠቀጠኝ በደንገጎ ተራራ በኩል የጠቆረው ሰማይ ነው። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ የደቻቱ ወንዝ እንደሚሞላ ያውቃል።

መምህርቴ፣ ከሥልጠናው ወጥተሽ ደውለሽ «ስሙን አትጥሩት፣ ቆርኪ በጣሳ አንቃጭሉ» ባትዪ ኖሮ እስካሁን በከንቱ እንጮህ ነበር። የቀፊራ እናቶች፣ ቆርኪውን ከየለስላሳ ቤቱ በጉርድ ቀሚሳችሁ ይዛችሁ መጣችሁ። በርጫችሁን አቋርጣችሁ የወጣችሁ ባጃጆች፣ ይህ ምን ያህል ውለታ እንደሆነ የድሬ ሰው ያውቀዋል።

ድልድዩ ሥር አሸዋው ላይ ጠጠር ሲደረድር ያገኘኸው ወንድሜ፣ ሲነኩት እንደሚጮህ ሰምተህ ነበርና አልያዝከውም። አጠገቡ ቁጭ ብለህ፣ እኔ እስክደርስ ጠጠር ስታቀብለው ቆየህ። ሒሳብ ልስጥህ ስል «አቦ ተይ!» ብለህ ተቆጣኸኝ።

ትምህርት ቤቱ አሁን «ለጊዜው እቤት ይቆይ» ብሎኛል። የምለምነው ክፍሉ ውስጥ አብሮት የሚውል አንድ ረዳት ብቻ ነው። ሐሙስ ጠዋት ለዚሁ ወደ ትምህርት ቢሮ እሄዳለሁ፤ እንደኔ ዓይነት ልጅ ያላችሁ እናቶች አብረን እንሂድ።

የባጃጁ ልጅ፣ ጣሳህን ረስተህ ሄደሃል። ልመልስልህ ነበር፣ ልጄ አልሰጥም ብሏል።