ድንጋዩ በሚያዝያ ይድረስልን! ስለ ደንቢያ ጣና ዳር እናቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለአማራ ክልል ግብርና ቢሮ ኃላፊ፣
ግልባጭ፦ ለዞንና ለወረዳ አመራሮቻችን

ክቡር ሆይ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር ከተማ ነው፣ ወገኖቼ ግን ደንቢያ ናቸው፣ ከቆላ ድባ ወደ ጎርጎራ ሲወረድ ጣና ዳር ያለው ሜዳ ላይ። ማመልከቻ ጽፌ መዝገብ ቤት ቁጥር ተሰጥቶት እዛው ከሚተኛ፣ ሰው ሁሉ ቢያነበው ይሻላል ብዬ ነው በግልጽ የጻፍኩት፣ አይቀየሙኝ።

ጉዳዬ አንድ ነው፣ ለቤት መሰረት የሚሆን ድንጋይ ከክረምቱ በፊት ይድረስልን ነው። የሐይቅ ዳር ሴቶቻችን ቤታቸውንና ጓሯቸውን ለክረምቱ የሚያሰናዱት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ የመንግስት እጅ ደሞ የሚደርሰው ውሃው ከገባ በኋላ ነው። ይሄ የሚሆነው ማንም ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም፣ በጀት የሚከፈተው ሐምሌ 1 ስለሆነ ነው። ሐምሌ 1 ላይ እኮ ሜዳው ጭቃ ነው!

ሜዳውን በክረምት ላላየ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ጎርፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ዶፍ ዘንቦ ወንዝ ሲሞላ ነው፣ እሱ አለ፣ መገጭና ድርማ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከአልጋቸው ይወጣሉ። ግን ሁለተኛ ውሃ አለ እሱም ጣና ራሱ ነው። ሐይቁ ጫፍ የሚደርሰው ዝናቡ ሲበረታ አይደለም፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ምክንያቱም ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌላው ትንሹም ወንዝ ሲያስገባ ከርሞ በተፈጥሮ መውጫው ባህር ዳር ላይ ያለው አባይ ብቻ ነው፣ አሁን የበለስ ዋሻ ቢጨመርበትም። ስለዚህ ከተማው አበባየሆሽ ሲል ደንቢያ ዳር ላይ ውሃው ገና ከደጅ አልሄደም። ዋልካው ደሞ አንዴ ከጠገበ ውሃ ወደ ስር አያሳልፍም። በ1998 ክረምት ፎገራንም ደንቢያንም ያጥለቀለቀውን ሁሉም ያስታውሳል፣ 2012 ላይ እንደገና መጣ፣ ሽማግሌዎቹ ደሞ ድሮ ዝናብ ቀኑን ያውቅ ነበር አሁን ዘግይቶ ይገባና የከረመበትን ባንዴ ይደፋዋል ይላሉ።

አሁን አክስቴን ልንገርዎት። ባሏ ከሞተ ወዲህ እማወራ ነች። ቤቷ እንደማንኛውም የሜዳው ቤት እንጨትና ጭቃ ነው፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ውሃ የጭቃ ቤትን የሚገለው ከስሩ ነው፣ ግድግዳው እግሩ ይርሳል፣ ጭዱና ጭቃው ይረግፋል፣ ምሰሶው ይበሰብሳል፣ ከዛ አንድ ሌሊት ቤቱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። እና እሷ ምን አረገች፣ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድራ ወለሉን አፈር እየሞላች እየደለደለች እስከ ጉልበት ከፍ አረገችው፣ አሮጌውን ጎታ አፍርሳ አዲሱን ድንጋይ ላይ ሰራችው፣ መደቡንም አስረዘመችው ልጆቹ እዛ ላይ ይተኛሉ። የጎመንና የቃሪያ ዘሯን ከአመድ ጋር ቅል ውስጥ ከታ ከምድጃው በላይ ጭሱ የሚያገኘው ቦታ ሰቅላዋለች፣ እርጥበትም ነቀዝም አይደርስበትም፣ ውሃ ቢገባም ዘሩ አይሄድባትም።

ጓሮዋን ቢያዩት ደሞ ይገረማሉ። የማዳበሪያ ጆንያ እየለቀመች አፈርና ፍግ ሞልታ ከግድግዳው ስር ድንጋይ ላይ ደርድራዋለች፣ የጆንያውን ጎን በቢላ ቀዳ ጎመን ተክላበታለች፣ አናቱ ላይ ቃሪያ። ውሃ ሲመጣ ስሩ አይሰምጥም፣ በጋ ላይ ደሞ የእቃ እጣቢ ይበቃዋል። ነጭ ሽንኩርቱን መሬቱን ከፍ ከፍ አርጋ በየመሀሉ ቦይ አውጥታ ነው የምትተክለው። ይሄን ማንም አላሰለጠናትም፣ ከጎረቤቷ አየች፣ ጎረቤቷም ከእህቷ። ሪፖርት ላይ ግን ይሄ ሁሉ የለም፣ ሪፖርት ላይ ያለው በሄክታር የሚለካ ብቻ ነው፣ ጆንያ በሄክታር አይለካማ።

ችግሩ የት ጋ ነው፣ ድንጋዩ ጋ። ሜዳው ጥቁር አፈር ነው፣ ድንጋይ የሚመጣው ከሩቅ በአህያና በጋሪ ነው፣ አንዲት ሴት በጋሪ እያስመጣች መሰረቱን እስክትጨርስ ሁለት ሶስት በጋ ያልፋል፣ በመሀል አንድ ክረምት ከበረታ የተሰራውም ይሄዳል። አንድ ሲኖ ድንጋይ ቢገባ ስንት ቤት ያነሳል! ጎረቤቶቿ ተሰባስበው ስሙን የማልጠራው አንድ አበዳሪ ጋ ሄደው ነበር፣ በግ ለማድለብ ከሆነ እናበድራለን ለቤት መሰረት ግን አይቻልም ተባሉ። በጉ ግን ክረምት ሲመጣ የት ይደር? በኋላ እቁብ ጥለው ነው ያስመጡት፣ እጣ የወጣላት እየቀደመች።

ስለዚህ የምለምነው ይሄ ነው። ሐምሌ ላይ የተከፈተው በጀት ጨረታ፣ ግምገማ፣ ፊርማ ሲባል መስከረም ይሆናል፣ እቃው ሲደርስ መንገዱ መኪና አያሳልፍም፣ መጋቢት ላይ ሲጠየቅ ደሞ በጀት አልቋል፣ ሰኔ ላይ ሒሳብ ሊዘጋ ነው ይባላል፣ በቃ ይሄ ነው ዙሩ። ሸራና ዱቄት አይምጣ እያልኩ አይደለም፣ ውሃ ለከበበው ሰው ሸራ ነፍስ ነው። ግን የሸራውን ገንዘብ የተወሰነውን ክፍል በጥቅምትና በኅዳር ግዢውን ጨርሳችሁ ጥርና የካቲት ላይ መንገዱ ደረቅ ሳለ ድንጋይ በየቀበሌው ብታራግፉት ምን አለ? ድንጋይ አይነቅዝም፣ መጋዘን አይፈልግም፣ ጊዜው አያልፍበትም። የጸጥታው ነገር እንዳለ አውቃለሁ፣ መንገድ ሲዘጋ እኛም ወገኖቻችንን ሳናይ እንከርማለን፣ ግን ለዛም ቢሆን አስቀድሞ የገባ ነገር ይሻላል እንጂ በመጨረሻ ሰዓት የሚጫን እቃ ነው መንገድ ላይ የሚቀረው።

ሌላው ለማን ይሰጥ የሚለው ነው። በክልላችን አረንጓዴው የመሬት ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ አለ፣ ይሄ ጥሩ ስራ ነው ሲመሰገን ይኑር። ስልጠና ሲጠራ ግን ዝርዝሩ ላይ ያለው የአባወራው ስም ነው፣ ስለ ጓሮ አትክልት ባልየው ሰልጥኖ ይመጣና ሚስትየው ጎመኑን ትተክላለች። ባልየውም ይሄን ያውቃል እኮ፣ እሱም ይስቃል። ሰዓቱ ደሞ ጠዋት ነው፣ ጠዋት ውሃ የምትቀዳው ማን ሆነችና? የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶቹ ቤት ለቤት ሲሄዱ ሴቶቹን በቀላሉ ያገኟቸዋል፣ ዲኤዎቹም፣ የግብርና ልማት ሰራተኞቹ ማለቴ ነው፣ ከነሱ ጋር ተናበው ቢሄዱ ወጪም የለውም።

እኛ ብቻ አይደለንም ይሄ የደረሰብን። በባንግላዴሽ ደቡብ ባህር ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ2009 አይላ የሚባለው አውሎ ነፋስ የባህሩን ውሃ ክትሩን አሻግሮ እርሻ ላይ አፈሰሰውና አፈሩ ለዓመታት ጨው ሆኖ ቀረ፣ የሚጠጣ ውሃ እንኳን ሩቅ ተኪዶ ነው። እዛ ያሉት የገጠር ሴቶች የቤታቸውን መሰረት በአፈር ቆልለው አነሱ፣ አትክልቱን በጆንያና በባልዲ ተከሉ፣ የሚንጠላጠለውን በቆጥ ላይ አወጡት፣ የዝናቡን ውሃ ከጣሪያ ወደ ጋን ጠለፉ። የኛ ውሃ ጨው የለበትም ተመስገን፣ የቀረው ግን ቁርጥ አክስቴን ነው፣ ሳይተያዩ!

እዛው አገር ረግረጋማው አካባቢ ደሞ እምቦጭ ከምረው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ መደብ ሰርተው አትክልት ያመርቱበታል፣ የተባበሩት መንግስታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ፋኦም እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም የግብርና ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ይሄን ሰምቶ አንዱ አማካሪ ጣና ላይ እንሞክረው እንዳይል ግን አደራ። እምቦጩ ከ2004 አካባቢ ጀምሮ የደንቢያን ዳር ምን እንዳረገው እርስዎም ያውቃሉ፣ በሁለት ሳምንት እጥፍ የሚሆን ነገር ነው፣ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይነሳል፣ እኛ ደሞ ታንኳ ሰርተን ልናዞረው አይገባም። ይልቅ በዘመቻ ተነቅሎ ዳር ላይ ተከምሮ የሚበሰብሰውን፣ ሳያብብ የተነቀለውን ብቻ ለይቶ፣ በደንብ አድርቆ ከፍግ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ማብሰል ይቻላል፣ ለጆንያው አፈር ይሆናል። ይሄን እንኳን ባለሙያ ቆሞ ቢያሳያቸው ጥሩ ነው፣ ያለ ጥንቃቄ ከተሰራ ጓሮ ውስጥ እምቦጭ መዝራት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የጣና ከፍታ በየጊዜው ይለካል አይደል? ቁጥሩ ባለሙያ ጋ አለ። ነሐሴና መስከረም ላይ ሐይቁ በዚህ ሳምንት ይሄን ያህል ጨምሯል ተብሎ በሬዲዮ፣ ካልሆነም ከቅዳሴ በኋላ ለህዝቡ ቢነገር፣ ሴትየዋ ጎታዋን መቼ እንደምታራግፍ ታውቃለች። አሁን የምታውቀው ውሃው ደጇ ሲደርስ ነው። የሌማት ትሩፋት ጫጩትም ሐምሌ ላይ ባይከፋፈል፣ ጥቅምት ጥሩ ነው። ጎርጎራ ያለው ሪዞርትም ሰላጣና ቃሪያውን ከእነዚህ ጓሮዎች ቢገዛ ብዬ እመኛለሁ፣ ይሄ የእርስዎ ስልጣን ባይሆንም አንድ ስልክ ቢደውሉ አይከብድም።

ክልሉን ሁሉ ባንዴ ይድረሱ አልልም። ዘንድሮ አንድ ቀበሌ ይሞከር፣ ድንጋዩ እስከ ሚያዝያ ይግባ፣ ርክክቡ በሴቶቹ ስም ይፈረም፣ ጥቅምት ላይ ደሞ የቆመውና የወደቀው ቤት ይቆጠር። መጥተው ማየት ከፈለጉ ይዞዎት የሚሄድ ሰው አለ፣ እኔ ነኝ። ገበያ ቀን ግን አይሁን ሴቶቹን አያገኟቸውም፣ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ ይሻላል፣ መኪናውም ከፍ ያለ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር
የደንቢያ ልጅ፣ ከጎንደር