የ43 ቀን ቆሻሻ ጠርገናል፤ የ43 ቀን ደመወዛችንስ?

ለአሜሪካ ሴኔትና ለተወካዮች ምክር ቤት የበጀት ድልድል ኮሚቴዎች ሰብሳቢዎች
ዋሽንግተን ዲሲ

ክቡራን ሰብሳቢዎች፣

ጉዳዩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ በመግቢያ ጊዜያችሁን አላጠፋም። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ድረስ በጀት ባለማጽደቃችሁ የፌዴራል መንግሥት ሥራ ተዘጋ። 43 ቀን፤ እስከዚያ ድረስ በአገሪቱ ታሪክ ከታየው ሁሉ ረጅሙ። በመጨረሻው ቀን የወጣው ሕግ የፌዴራል ሠራተኞች ውዝፍ ደመወዛቸው እንዲከፈላቸው አረጋገጠ፤ ተከፈላቸውም። የሚገባቸው ነው። እኔ ግን በዚያው ሕንጻ፣ በዚያው ኮሪደር የእነሱን ቢሮ የማጸዳ የኮንትራት ሠራተኛ ነኝ። ለዚያ ሁሉ ሳምንት አንድ ዶላር አልተከፈለኝም፤ ወደፊትም እንደማይከፈለኝ ተነግሮኛል።

በአደባባይ መጻፍ የመጀመሪያ ምርጫዬ አልነበረም። ለቀጠረኝ ኩባንያ አመለከትኩ፤ መንግሥት ካልከፈለን ከየት አምጥተን እንከፍላለን አሉኝ። ኮንትራቱን ለሚያስተዳድረው ክፍል ጻፍኩ፤ አሠሪሽ ኩባንያው ነው፣ እሱን ጠይቂ የሚል መልስ መጣ። ድምፄን ወደምሰጥበት የምርጫ ክልል ተወካይ ቢሮ ደወልኩ፤ ሐሳብዎን ስላካፈሉን እናመሰግናለን የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ። ያካፈልኩት ሐሳብ አልነበረም። የተነጠቀ እንጀራዬን ነው የጠየቅሁት።

የማይከፈለን ለምንድን ነው ሲባል መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አልሠራችሁም። እስቲ ሕንጻው በተከፈተበት ዕለት ማለዳ ምን እንደጠበቀን ልንገራችሁ። በእኔ ፎቅ የሠራተኞች ምሳ ማሞቂያ ክፍል ውስጥ ያለውን ማቀዝቀዣ ስከፍተው ሽታው ወደኋላ መለሰኝ። በሴፕቴምበር መጨረሻ ሰው ነገ እበላዋለሁ ብሎ ያስቀመጠው ሩዝ ጥቁር ሻጋታ ለብሷል፤ የወተቱ ካርቶን ተነፍቶ ፈንድቷል፤ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ የነበረው ሰላጣ ቀልጦ አረንጓዴ ውሃ ሆኗል። መሳቢያውን ነቅዬ አውጥቼ በሙቅ ውሃና በበረኪና ደጋግሜ ብፈትገውም ሽታው ከጓንቴ አልለቅ አለ። በየመጸዳጃ ቤቱ ውሃ ሳይወርድበት የከረመው መቀመጫ ቡናማ ቀለበት ይዟል፤ በየጠረጴዛው ሥር የተረሳ የቆሻሻ ቅርጫት ትንንሽ ዝንቦችን አፍርቷል። ሠራተኞቹ ከመግባታቸው በፊት ሁሉም ጸድቶ ይለቅ የሚል ትእዛዝ ተሰጠን። አጸዳን። የተከፈለን የአንድ የአዘቦት ቀን ሰዓት ነው።

ሥራው የትም አልሄደም፤ ተጠራቅሞ ጠበቀን። ደመወዙ ብቻ ነው የቀረው።

ደግሞስ ቤታቸው እንዲቀመጡ የታዘዙት የፌዴራል ሠራተኞችም በእነዚያ ቀናት አልሠሩም። ሰንፈው አይደለም፤ ተከልክለው ነው። ሕጉም ይህን አይቶ ውዝፋቸውን ሰጣቸው። እኛን ከበሩ የመለሰንም ያው መዘጋት ነው። የእነሱ መከልከል ካሳ የሚገባው ጉዳት ሲሆን የእኛ መከልከል በምን ሚዛን ተመዝኖ የራሳችን ዕዳ ሆነ?

ከዚህ በፊትም አልፌበታለሁ። ከዲሴምበር 22 ቀን 2018 እስከ ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 ድረስ መንግሥት ለ35 ቀናት ሲዘጋም ይህንኑ ሥራ እሠራ ነበር። ያኔ በጃንዋሪ 2019 ኮንግረስ አንድ ጥሩ ሕግ አወጣ፤ ከዚያ ወዲህ መንግሥት በተዘጋ ቁጥር የፌዴራል ሠራተኛ ውዝፉን እንዲያገኝ የሚያዝዝ። እኛ በሕጉ ውስጥ የለንም። በዚያው ወር ሴናተር ቲና ስሚዝ ዝቅተኛ ተከፋይ የኮንትራት ሠራተኞችም ውዝፍ እንዲያገኙ የሚጠይቅ ረቂቅ አቀረቡ፤ በተወካዮች ምክር ቤት በኩል ደግሞ አያና ፕሬስሊ ጉዳዩን ያዙት። ረቂቁ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ስለዚህ ረስተናችሁ ነው ልትሉን አትችሉም። ጉዳዩ ጠረጴዛችሁ ላይ ከተቀመጠ ዓመታት አልፈዋል።

በኖቬምበር 12ቱ ሕግ ውስጥ ያስታወሳችሁትንም አንብቤያለሁ። መርማሪዎች ሳያሳውቁ የስልክ መረጃውን የወሰዱበት ሴናተር መንግሥትን ከሶ ቢያንስ 500 ሺህ ዶላር እንዲጠይቅ የሚፈቅድ አንቀጽ ገብቶበታል። የተወካዮች ምክር ቤት በኋላ ይሻር ብሎ ድምፅ ሰጥቷል፤ ነገር ግን ሕጉ ሲረቅ ለዚያ አንቀጽ ቦታ ተገኝቷል። በዚያው ሕግ የኮንግረስ የራሱ በጀት እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2026 ድረስ ሙሉ በሙሉ ጸድቋል። እኔ የማጸዳው ሕንጻ የሚተዳደርበት በጀት ግን የሚቆየው እስከ ጃንዋሪ 30 ቀን 2026 ብቻ ነው። ይህን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። ለራሳችሁ ቤት ዓመቱን ሙሉ ዋስትና ሰጥታችሁ፣ ለእኛ ከገና ማግሥት ሌላ ስጋት ደገሳችሁልን።

የእናንተ ደመወዝ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ነው፤ መንግሥት ተዘጋም ተከፈተም በዓመት 174 ሺህ ዶላር ይመጣል። አንዳንዶቻችሁ በመዘጋቱ ጊዜ ደመወዛችን ይያዝልን ብላችሁ እንደጠየቃችሁ ሰምቻለሁ። የተያዘ ደመወዝ ግን በኋላ የሚለቀቅ ደመወዝ ነው። የእኔ አልተያዘም፤ ጨርሶ የለም።

ደመወዝ ሲቀር የሚቀረው ደመወዝ ብቻ አይደለም። በኮንትራታችን ኩባንያው ለጤና መድን የሚያስገባልን ገንዘብ በሠራነው ሰዓት ልክ የሚታሰብ ነው። ሰዓት ከሌለ መድን የለም። ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ነው። በኖቬምበር መጀመሪያ ኢንሱሊኑን ልወስድ መድኃኒት ቤት ስሄድ የፋርማሲዋ ልጅ ካርዱን ደጋግማ ሞከረችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መድናችሁ ተቋርጧል አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። የአንዱን ብልቃጥ ዋጋ ጠየቅሁ፤ ለቤት ኪራይ ካስቀመጥኩት ላይ ከፍዬ አንድ ብቻ ይዤ ወጣሁ። ማታ ባለቤቴ መርፌውን ሲቀዳ መጠኑን ቀንሶ አየሁት። ለምን ስለው እንዲበቃን ነው አለኝ። ሐኪም ያዘዘውን መጠን በጀት ያላጸደቃችሁት እናንተ ቀነሳችሁት ማለት ነው፤ ለዚህ ሌላ ስም የለኝም።

የሥራ አጥነት ድጎማ አለ ትሉ ይሆናል። በዋሽንግተን ዲሲ ከፍተኛው ክፍያ በሳምንት 444 ዶላር ነው። የዚህን ከተማ የቤት ኪራይ የምታውቁ ሰዎች ስለሆናችሁ ስሌቱን ለእናንተ እተወዋለሁ። እኛን ያቆየን ዕቁባችን ነው። ዕጣው የደረሰው ታክሲ ነጂ ወንድማችን ችግሬን ሲሰማ እኔ እቆያለሁ፣ እሷ ትውሰድ ብሎ ተራውን ለቀቀልኝ። እግዜር ይስጠው። ግን እሱም ያን ገንዘብ ለመኪናው ጥገና ይጠብቀው ነበር፤ አገር ቤት ያለችው እናቴም ለሁለት ወር የምልክላትን አላገኘችም። እናንተ ሳትከፍሉ የቀራችሁት ገንዘብ ከእኛ ከድሆቹ ኪስ ነው የተሟላው። በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የመንግሥት ሕንጻ እያጸዳ፣ ካፊቴሪያ ውስጥ ሳህን እያጠበ የሚያድር ብዙ የአገሬ ልጅ አለ፤ ከሳልቫዶርና ከጋና የመጡ ባልደረቦቻችንም እንዲሁ። ቀድሞ በጀት የተያዘላቸው ኮንትራቶች ስለነበሩ ሲከፈላቸው የከረሙ አሉ፤ ደስ ይለኛል። ግን የአንድ የጽዳት ሠራተኛ ቤተሰብ መብላት አለመብላቱ ኮንትራቱ በየትኛው ወር እንደተፈረመ ሊወስነው አይገባም።

አሠሪሽ ኩባንያው ነው የሚለውን መልስም አልቀበልም። ከ1965 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የአገልግሎት ኮንትራት ሕግ መሠረት የእኔን ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያና ጥቅማ ጥቅም የሚወስነው የፌዴራል መንግሥት ነው። የሰዓቱን ዋጋ እስከ ሳንቲሙ የሚወስን መንግሥት፣ ሰዓቱን ራሱ ሲወስድብኝ አያገባኝም ሊል አይችልም። ለኩባንያውም ቢሆን፣ መንግሥት ሥራ አቁም ብሎ ሲያዝዘው ላወጣው ተጨማሪ ወጪ ማካካሻ የሚጠይቅበት መንገድ በኮንትራት ደንቡ ውስጥ አለ። መወልወያ ለያዘችው ሴት ምንም መንገድ የለም።

የምጠይቀው ግልጽ ነው። በጃንዋሪ 30 የሚያበቃውን በጀት ለማራዘም በምታወጡት ሕግ ላይ የኮንትራት ሠራተኞችም የ43ቱን ቀን ውዝፍ እንዲያገኙ፣ ገንዘቡም በኩባንያው በኩል ሲያልፍ እዚያ እንዳይቀር የሚያስገድድ አንቀጽ ጨምሩ። የ2019ኙ ሕግም እኛን እንዲያካትት አሻሽሉት። ቃላቱን ከባዶ መጻፍ አይጠበቅባችሁም፤ የሴናተር ስሚዝ ረቂቅ አለላችሁ።

አንቀጹን ካልጨመራችሁም በስማችሁ ተናገሩ። ማን እንደተቃወመና ለምን እንደተቃወመ በድምፅ ይመዝገብ፤ እኛም በምርጫ ቀን እናንብበው። የዚህ ደብዳቤ የእንግሊዝኛ ቅጂ ለሁለቱም ኮሚቴዎች ተልኳል። በአማርኛ ያወጣሁት እንደ እኔ ውዝፋቸው የቀረባቸው ወገኖቼ አንብበው፣ የራሳቸውን ቀንና ሰዓት ጽፈው ለየተወካዮቻቸው እንዲልኩ ነው። መልሳችሁን ከጃንዋሪ 30 በፊት እጠብቃለሁ።

በፌዴራል ሕንጻ የምትሠራ የጽዳት ሠራተኛ
ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዲሴምበር 2025